ለአኒሜሽን ዳርክ ፋንታሲ ፊልም ሙዚቃ መስራት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ለእንደዚ አይነት ፊልም ሙዚቃ መጻፍ የሚፈልጉ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁትን እዚ ሰብስቤዋለሁ፣ ከቀላሉ ጀምሮ ወደ ከባዱ ነው ሚሄደው።

ዳርክ ፋንታሲ ስኮር (ለፊልሙ ሚጻፈው ሙዚቃ) ሲባል ምንድነው? ከሆረር ሙዚቃ በምን ይለያል?

ሁለቱም ያስፈራሉ ግን ሚፈልጉት ነገር አንድ አይደለም። የሆረር ሙዚቃ ዋና ስራው ማስጨነቅ ነው፣ የሆነ ነገር ሊመጣ ነው እያለ ጆሯችሁን ይዞ ይቆያል፣ ከዛ ድንገት ያስደነግጣችኋል። ዳርክ ፋንታሲ ግን የራሱ አለም አለው፣ እርግማን አለ፣ የተሰበረ ቃል ኪዳን አለ፣ ሚናገር ጫካ አለ፣ እና ሙዚቃው ያ አለም እውነት እንደሆነ ማሳመን አለበት። እንደውም ተመልካቹ እየፈራም ቢሆን እዛ ጫካ ውስጥ መግባት እንዲያምረው ማድረግ አለበት።

ስለዚ ፍርሃት ብቻውን አይበቃም፣ ሀዘንና ውበት አብረውት ካልኖሩ ነገሩ ይደርቃል። እኔ በዚ ዘውግ ላይ አጥብቄ ማምነው አንድ ነገር አለ፣ ጨለማ ሚያስፈራው ሊነጠቅ ሚችል ውድ ነገር ሲኖር ነው። ሙዚቃው መጀመሪያ ያንን ነገር ካላስወደደን ስንት ከበሮና ስንት ትሮምቦን ብትደረድሩ ጩኸት ብቻ ነው ሚሆነው። ከታች ያሉት መልሶች ላይ ይሄን ሀሳብ ደጋግማችሁ ታገኙታላችሁ።

አኒሜሽን ስለሆነ ለኮምፖዘሩ (ሙዚቃውን ለሚጽፈው ሰው) ምን ይለወጣል?

ትልቁ ነገር አኒሜሽን የራሱ ድምጽ የለውም። በካሜራ በተቀረጸ ፊልም ላይ ንፋሱ፣ ልብሱ፣ ክፍሉ ራሱ ድምጽ አለው፣ አኒሜሽን ላይ ግን የእግር ኮቴ ሳይቀር ሚሰማው ሁሉ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ የሰራው ነው። ገጸ ባህሪው ደሞ ስእል ወይ አሻንጉሊት ነው፣ እውነተኛ ተዋናይ ፊት ላይ ሚታየውን ጥቃቅን ስሜት ሁሉ ላያሳይ ይችላል፣ ያን ክፍተት ሙዚቃ ይሸፍነዋል። ለዛ ነው አኒሜሽን ፊልሞች ብዙውን ጊዜ ከተዋናይ ፊልም የበለጠ ሙዚቃ ሚኖራቸው፣ የ90 ደቂቃ ፊልም ላይ ከ60 ደቂቃ በላይ ሙዚቃ ብታገኙ አይግረማችሁ።

ኖታ ማንበብ ግዴታ ነው? በምን ሶፍትዌርስ ነው ሚሰራው?

ግዴታ አይደለም፣ ግን ከተጫዋቾች ጋር ለመስራት ካሰባችሁ በጣም ይጠቅማችኋል። በኪቦርድና በኮምፒውተር ብቻ ሰርተው ኖታውን ኦርኬስትሬተር (ሙዚቃውን ለየመሳሪያው ሚያከፋፍል ባለሙያ) ሚጽፍላቸው ኮምፖዘሮች አሉ። ሎጂክ ፕሮም ኩቤዝም ሪፐርም ቪዲዮ አስገብታችሁ ከምስሉ ጋር አብራችሁ እንድትጽፉ ያስችላሉ፣ የለመዳችሁት በቂ ነው፣ ሶፍትዌር በመቀየር የተሻለ ዜማ አይመጣም። ለኖታ ሚውዝስኮር ነጻ ነው።

ስራው መቼ ነው ሚጀመረው? ፊልሙ ካለቀ በኋላ ነው?

ዋናው የመጻፍ ስራ ብዙውን ጊዜ ምስሉ "ተቆልፏል" ከተባለ በኋላ ነው፣ ማለትም ከዚ በኋላ ትዕይንት አይረዝምም አያጥርም ሲባል። አኒሜሽን ላይ ግን ቀድሞ መጀመር ይቻላል ምክንያቱም ፊልሙ መጀመሪያ በስቶሪቦርድ ስእሎች ተገጣጥሞ አኒማቲክ ይሆናል፣ አኒማቲኩ ደሞ ርዝመቱም ቅደም ተከተሉም ከመጨረሻው ፊልም ጋር በጣም ይቀራረባል። እኔ ምመክረው በዛ ደረጃ ትዕይንት ላይ ሳትጣበቁ ዋና ዋና ዜማዎቹን እንድትጽፉና ለዳይሬክተሩ እንድታሰሙ ነው።

አንድ ልዩ ሁኔታ አለ፣ ገጸ ባህሪው ሚዘፍን ከሆነ ዘፈኑ ከአኒሜሽኑ በፊት ተጽፎ ተቀርጾ ማለቅ አለበት ምክንያቱም አኒሜተሮቹ አፉን ሚያንቀሳቅሱት ቀረጻውን እየሰሙ ነው። ጠንቋይዋ ለልጁ ምታዜመው እሹሩሩ ካለ እሱን መጀመሪያ ጨርሱት፣ በዛውም የፊልሙ ዋና ዜማ ሊሆንላችሁ ይችላል።

ሙዚቃ የት እንደሚገባ ማን ነው ሚወስነው?

ዳይሬክተሩና ኮምፖዘሩ አብረው ቁጭ ብለው ፊልሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እያቆሙ ያዩታል፣ ስፖቲንግ ይባላል። እዚጋ ይግባ፣ እዚጋ ይውጣ፣ ለምን ይግባ እያሉ ሰአቱን ይጽፋሉ። "ለምን" ሚለውን በደንብ ጻፉት፣ "አስፈሪ ሙዚቃ" ብላችሁ ከጻፋችሁ ከሁለት ሳምንት በኋላ ምንም አይነግራችሁም፣ "ልጅቷ ቤቱ እናቷን እንደሚመስል ገና አላወቀችም እኛ ግን አውቀናል" ብላችሁ ከጻፋችሁ ግን ሙዚቃው ግማሹ ተጻፈ ማለት ነው።

ስፖቲንግ ላይ ዝምታንም አብራችሁ ወስኑ። ሙዚቃ በበዛበት ፊልም ላይ ሙዚቃው ሲቆም ተመልካቹ ሳያውቀው ይደነግጣል። ጭራቁ መጀመሪያ ሚታይበት ትዕይንት ላይ ሁሉም ሰው ትልቅ ድምጽ ማስገባት ይፈልጋል፣ እኔ ግን ብዙውን ጊዜ ሙዚቃው ከመታየቱ ትንሽ ቀደም ብሎ ቢቆምና ትንፋሹ ብቻ ቢሰማ እመርጣለሁ፣ ሙዚቃው ከዛ በኋላ ይግባ።

ጨለማ ያለ ድምጽ በየትኛው ስኬልና ኮርድ ነው ሚመጣው?

ማይነር ሁሉም ያውቀዋል። ከሱ ቀጥሎ ፍሪጂያን ሞክሩ፣ ፒያኖ ላይ ነጮቹን ብቻ ይዛችሁ ከሚ እስከ ሚ ማለት ነው፣ ሁለተኛው ኖታ ከመነሻው በግማሽ ድምጽ (ፒያኖ ላይ በአንድ ቁልፍ) ብቻ ስለሚርቅ የሆነ ነገር ከላይ የተጫነ አይነት ስሜት ይሰጣል። ኮርድ ላይ ደሞ ማይነርን ወደ ሌላ ሩቅ ማይነር መውሰድ አለ፣ ከሲ (C) ማይነር ወደ ኤ ፍላት (A♭) ማይነር ተጫወቱት፣ ኢ ፍላት (E♭) ሁለቱም ውስጥ አለች፣ ሌሎቹ ሁለቱ ኖታዎች ግማሽ ግማሽ ድምጽ ብቻ ነው ሚንሸራተቱት፣ ግን ቦታው ሙሉ በሙሉ ይቀየራል፣ ጥንቆላ ለሚመስል ነገር ከዚ የተሻለ ቀላል መንገድ አላውቅም።

ትራይቶን ማለትም በስድስት ግማሽ ድምጽ ሚራራቁ ሁለት ኖታዎችም ይሰራል፣ በመካከለኛው ዘመን ቤተክርስቲያን ከልክላው ነበር ሚባለው ግን ማስረጃ የሌለው ወሬ ነው። ዲየስ ኢሬ ሚባለው የድሮ የላቲን የሙታን መዝሙር የመጀመሪያዎቹ አራት ኖታዎች (ፋ ሚ ፋ ሬ) ደሞ ሞት በመጣ ቁጥር ፊልም ውስጥ ይገባሉ፣ ዜማው የ13ኛው ክፍለ ዘመን ስለሆነ የባለቤትነት ጥያቄ የለበትም፣ ግን በጣም ስለተደጋገመ ደብቃችሁ ካልተጠቀማችሁበት ሰሚው ወዲያው ይለየዋል።

ሜጀርን ደሞ አትርሱ። ንጹህ የሜጀር እሹሩሩ በትንሹ ከቃናው በወጣ የሙዚቃ ሳጥን ድምጽ ሲሰማ ከስንት ክላስተር (ተጠጋግተው አንድ ላይ ሚመቱ ኖታዎች) በላይ ያስጨንቃል፣ ምክንያቱም ዜማው ደህና ነው ሚላችሁ፣ ድምጹ ግን አይደለም።

የትኞቹን መሳሪያዎች ልጠቀም?

መጀመሪያ ምን እንደማትጠቀሙ ወስኑ። ሁሉም መሳሪያ ያለበት ስኮር የማንም አለም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው የጊየርሞ ዴል ቶሮ ፒኖኪዮ ላይ አሌክሳንደር ዴስፕላ ከእንጨት የተሰሩ መሳሪያዎችን ብቻ ነው የተጠቀመው፣ ገጸ ባህሪው ከእንጨት ስለተሰራ። እንደዚ አይነት ህግ ለራሳችሁ አውጡ፣ የውሀ አለም ከሆነ መስታወትና ብረት፣ የመቃብር አለም ከሆነ ትንፋሽ ያለባቸው ብቻ፣ ምናምን። ህጉን ለማንም መንገር የለባችሁም፣ ግን ፊልሙ አንድ ቦታ እንደሆነ ያሰማል።

በተለምዶ ሚሰሩት የታወቁ ናቸው፣ ባስ ክላርኔት፣ ኮንትራባሱን፣ ዝቅ ያለ ቼሎና ደብል ቤዝ፣ ሴሌስታ። ስትሪንጎች ላይ ቀስቱን ወደ ድልድዩ አስጠግቶ መጫወት ቀዝቃዛና ሚቧጭር ድምጽ ያመጣል፣ በቀስቱ እንጨት መምታት ደሞ የአጥንት ድምጽ ይመስላል። ሲምባልን በቀስት መሳብም አለ። ሰዎች ሚረሱት ግን ብቸኛ መሳሪያን ነው፣ 60 ሰው ከሚጫወተው ኦርኬስትራ ይልቅ አንድ ቪዮላ ብቻዋን ሰፊ ጨለማ ላይ ስትጫወት ልጁ ብቻውን እንደሆነ ይሰማል።

ኳየር ካስገባሁ በምን ቋንቋ ይዘምር?

ላቲን የተለመደ ነው፣ ግን ግድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ኮራላይን ላይ ብሩኖ ኩሌ የህጻናት ኳየርን ትርጉም በሌለው ፈጠራ ቋንቋ ነው ያዘመረው፣ ስትሰሙት ልጆች የሆነ እናንተ የማታውቁትን ነገር ሚያውቁ ይመስላል። ፈጠራ ቋንቋ ከመረጣችሁ ተነባቢዎቹን አስቡባቸው፣ "ክ" "ት" "ቅ" ሲበዙ እንደ ከበሮ ይመታሉ፣ "ም" "ን" "ል" ሲበዙ ይፈሳሉ። ሰዎች እየተናገሩ ባሉበት ትዕይንት ላይ ግን ሚታወቅ ቃል ያለው ኳየር አታስገቡ፣ ተመልካቹ ሁለቱንም ለመስማት ሲሞክር አንዱንም አይሰማም፣ "አ" ወይ "ኡ" ይበቃል።

የጭራቁን ቴም (መለያ ዜማ) እንዴት ልጻፍ? ሁሌ የተለመደ ነገር ነው ሚመጣልኝ።

ከጭራቁ አትጀምሩ። የልጁን ወይ የልጅቷን ዜማ ጻፉ፣ አጭር ይሁን፣ አራት አምስት ኖታ፣ ማንም ሰው አንዴ ሰምቶ ሊያንጎራጉረው ሚችል። እሱን አሪፍ እስኪሆን ድረስ ስሩት። ከዛ ጭራቁ ከዛ ልጅ ምን እንደሚፈልግ ጠይቁ። ስሟን ነው ሚወስደው? ዜማዋን ውሰዱና የመጨረሻዋን ኖታ ቆርጣችሁ ጣሉ፣ የጭራቁ ቴም ሁሌ ሳያልቅ ሚቀር ይሁን። እሷን መሆን ነው ሚፈልገው? ኢንተርቫሎቹን (በኖታዎቹ መሀል ያለውን ርቀት) ገልብጡ፣ ወደላይ የነበረው ወደታች ይሂድ፣ ሪትሙ ግን ይቅር፣ ተመልካቹ ለምን እንደሚመሳሰሉ ሳያውቅ ዝምድናቸው ይሰማዋል። ድሮ ጓደኛዋ ነበር? ያው ዜማ፣ አራት እጥፍ ቀስ ብሎ፣ በኮንትራባሱን።

ለኔ ከዚ ስራ ሁሉ በጣም ምወደው ክፍል ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ሁለቱ መጨረሻ ላይ ሲገናኙ አዲስ ሙዚቃ መፈለግ አይኖርባችሁም፣ ሁለቱ ዜማዎች አንድ ላይ ሲጫወቱ ታሪኩን ራሳቸው ይጨርሱታል። ስትጽፉ ከመጀመሪያው ሁለቱ በአንድ ኮርድ ላይ አብረው መሄድ እንደሚችሉ አረጋግጡ፣ በኋላ ላይ ማስገደድ ይከብዳል።

የተለመደ ነገር ሚመጣላችሁ ጭራቁን "አስፈሪ" ብላችሁ ብቻ ስለምታስቡት ነው። አስፈሪ ስሜት እንጂ ሰው አይደለም፣ ቴም ደሞ ሚጻፈው ለሆነ ማንነት ነው።

ሙዚቃው ከምስሉ ጋር በትክክለኛው ቦታ እንዴት ይገጥማል?

ሂሳብ ነው፣ ግን ቀላል ሂሳብ። ፊልም አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ 24 ፍሬም ነው፣ በደቂቃ 1,440 ማለት ነው። 1,440ን ለቴምፖው (በደቂቃ ውስጥ ላለው የምት ብዛት) ስታካፍሉት አንድ ምት ስንት ፍሬም እንደሆነ ታገኛላችሁ፣ በ120 ቴምፖ 12 ፍሬም፣ በ90 ደሞ 16። በሩ ሚዘጋው ትዕይንቱ ከጀመረ 10 ሰከንድ ላይ ነው እንበል፣ 240 ፍሬም። በ80 ብትጽፉት አንድ ምት 18 ፍሬም ስለሆነ በሩ 13ኛው ምት ካለፈ በኋላ መሀል ላይ ይወድቃል፣ አይገጥምም። በ72 ግን አንድ ምት 20 ፍሬም ነው፣ 240 በትክክል 12 ምት ይሆናል፣ በ4/4 (አንድ ባር አራት ምት ሲሆን) ሶስት ሙሉ ባር፣ በሩ አራተኛው ባር መጀመሪያ ላይ ይዘጋል።

ሁለተኛ ነገር ካለ፣ ሻማው 17.5 ሰከንድ ላይ ይጠፋል እንበል፣ ያ 420 ፍሬም ነው፣ በ72 ሲሆን 21 ምት። ከበሩ በኋላ 9 ምት ቀረ፣ ስለዚ አንድ ባር 4/4 ሌላውን 5/4 ታደርጉታላችሁ፣ ጆሮ ብዙም አይከብደውም፣ እንደውም የተሳሳተ እርምጃ አይነት ስሜት ስለሚሰጥ ለዚ ዘውግ ያምርበታል። ሶፍትዌሮቹ ይሄን ያሰሉላችኋል፣ ግን ነገሩን ራሳችሁ ካልገባችሁ ቴምፖውን በየሰከንዱ እየቀያየራችሁ ተጫዋቾቹን ታሰቃያላችሁ።

እያንዳንዱን እንቅስቃሴ በሙዚቃ ልከተለው?

አይ። ገጸ ባህሪው ሲዘል ዜማው ሚዘልበት፣ ሲወድቅ ሚወርድበት አካሄድ ከእ.ኤ.አ. 1920ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ካርቱን ላይ የዳበረ ነው፣ ለቀልድ ግሩም ነው። ፍርሃት ላይ ግን ነገሩን ወደ ቀልድ ይቀይረዋል። በአንድ ትዕይንት ውስጥ አንድ ወይ ሁለት ነጥብ ብቻ ምረጡና እነሱን በትክክል ምቱ፣ ሌላው ይለፍ።

ለኦርኬስትራ ገንዘብ የለኝም፣ ሳምፕል (ቀድሞ የተቀረጸ የመሳሪያ ድምጽ) ብቻ ከሆነ ያስታውቃል?

አጻጻፋችሁ ላይ ነው ሚወሰነው። ሳምፕል ረጅምና ቀስ ያለ ነገር ላይ፣ ከበሮ ላይ፣ አጭር ስትሪንግ ላይ ጥሩ ነው፣ ስሜት ያለው ብቸኛ ዜማ ላይ ነው ሚጋለጠው። ስለዚ ከስር ያለውን ሁሉ በሳምፕል ስሩና ከላይ ያለችውን አንዷን ዜማ በእውነተኛ ሰው አስጫውቱ፣ አንድ ቼሎ ወይ አንድ የሰው ድምጽ ብቻ፣ ጆሮ እሱን ስለሚከተል ሙሉው እውነተኛ ይመስላል። ካላችሁ ገንዘብ መጀመሪያ እዚ ላይ አውጡ እላለሁ።

ሌላው የራሳችሁን ድምጽ መስራት ነው። የበር ጩኸት፣ የብረት ማሰሮ፣ የራሳችሁን ትንፋሽ በ96 ኪሎኸርዝ ቅረጹና በግማሽ ፍጥነት አጫውቱት፣ በአንድ ኦክታቭ ይወርዳል፣ ከፍ ባለ ሳምፕል ሬት (96 ኪሎኸርዝ ያልነው) ስለተቀረጸም ቀጫጭኑ የድምጹ ዝርዝር አይጠፋም። እንደዚ የተሰራ ድምጽ ማንም ሌላ ሰው ጋር የለም፣ ተገዝቶ ሚገኘው የሳምፕል ቤተ መጻህፍት ግን ስንት ሰው ጋር አለ።

ዳይሬክተሩ ጊዜያዊውን ሙዚቃ ወዶታል፣ "ልክ እንደሱ" ይለኛል። ምን ላድርግ?

ኤዲቲንግ ላይ ከሌላ ፊልም ተወስዶ ሚቀመጥ ጊዜያዊ ሙዚቃ አለ፣ ቴምፕ ይባላል፣ ዳይሬክተሩ ለወራት ሲሰማው ስለቆየ ይለምደዋል፣ ይሄ ጥፋቱ አይደለም። መኮረጅ ግን አይሆንም፣ የህግ ጣጣ አለው፣ ከዛ በላይ ደሞ ያ ሙዚቃ የተጻፈው ለሌላ ልጅ ነው። "ምኑን ነው የወደድከው?" ብላችሁ ቁጭ ብላችሁ ጠይቁት። ብዙ ጊዜ መልሱ ዜማው አይሆንም፣ ሚገባበት ሰአት ነው፣ ወይ ቴምፖው፣ ወይ መጀመሪያ ባዶ ሆኖ ቀስ እያለ መሙላቱ። እነሱን ወስዳችሁ በራሳችሁ ቴም መስራት ትችላላችሁ። ከተቻለ ደሞ ቀድማችሁ የራሳችሁን ዴሞ ለኤዲተሩ ስጡት፣ የሚለመደው የናንተ ይሁን።

ከሳውንድ ዲዛይነሩ (ከሙዚቃ ውጪ ያሉትን ድምጾች ሚሰራው) ጋር እየተጋጨን ነው፣ ሙዚቃዬ አይሰማም።

ሁለታችሁም አንድ ቦታ ላይ ስለተቀመጣችሁ ነው። የጭራቁ ጉርምርምታ፣ ነጎድጓዱ፣ የሚፈርሰው ግንብ ሁሉ ዝቅ ያለው ፍሪኩዌንሲ ላይ ነው ያለው፣ እናንተም ትልልቅ ከበሮና ደብል ቤዝ እዛው ላይ ከደረደራችሁ ሚክሰሩ (ድምጾቹን ሁሉ ሚያቀላቅለው ሰው) አንዱን ማውረድ ግድ ይለዋል፣ ሚወርደው ደሞ ብዙውን ጊዜ ሙዚቃው ነው። ቀድማችሁ ደውሉለት፣ ይሄ ትዕይንት ላይ ከታች ያለው ያንተ ነው እኔ ከላይ እሆናለሁ ተባባሉ፣ ቀጣዩ ላይ ተቀያየሩ። ጭራቁ ምን አይነት ቃና ላይ እንደሚጮህ ጠይቁትና ሙዚቃውን በዛ ኪ ብትጽፉት ደሞ ጩኸቱ ራሱ የኦርኬስትራው አካል ይሆናል። ንግግር ባለበት ላይ ኦቦና ቫዮሊን በሰው ድምጽ ከፍታ ላይ ዜማ እንዳይዙ ተጠንቀቁ።

ልጆችም ሚያዩት ፊልም ከሆነ ምን ያህል ማስፈራራት ይቻላል?

ልጆች ፍርሃትን ይችላሉ፣ ማይችሉት መውጫ የሌለው ፍርሃትን ነው። እና ሙዚቃ መውጫውን መጠቆም ይችላል፣ በጣም በጨለመው ትዕይንት ውስጥ የልጅቷ ዜማ አንድ ቦታ ላይ፣ በጣም በስሱም ቢሆን፣ ይሰማ። ድንገት ሚያስደነግጥ ከፍተኛ ድምጽ ቀንሱ፣ ቀስ ብሎ ሚመጣ ስጋት ይሻላል። ማለስለስ ብላችሁ ግን አስፈሪውን ትዕይንት በደስተኛ ሙዚቃ አትሸፍኑት፣ ልጁ ምስሉ ሌላ ሙዚቃው ሌላ ሲለው ያውቃል፣ አያምናችሁም።

ሙዚቃውን ከጨረስኩ በኋላ ትዕይንቱ ተቆረጠ፣ እንደገና ልጻፍ?

መጀመሪያ ስንት ፍሬም እንደጠፋ እወቁ። ሙሉ ምት ወይ ሙሉ ባር ከሆነ ቆርጦ ማገጣጠም ይቻላል፣ ካልሆነ ቴምፖውን በትንሹ ማፍጠን ወይ ረጅም ኖታ ያለበት ቦታ ላይ ማሳጠር አለ። ለዚ ነው በየፋይሉ ላይ የቪዲዮውንም የሙዚቃውንም ቨርዥን ቁጥር መጻፍ ያለባችሁ፣ 2ኤም3 ቨርዥን 4 ካላችሁ ሁለተኛው ሪል (የፊልሙ ክፍል) ሶስተኛው ሙዚቃ አራተኛ ሙከራ ማለት ነው፣ ሁሉም ሰው ያውቀዋል። የትዕይንቱ ስሜት ራሱ ከተቀየረ ግን አትጠግኑት፣ እንደገና ጻፉ። በቀን ሁለት ደቂቃ ያለቀለት ሙዚቃ ጥሩ ፍጥነት ነው፣ ፕሮግራማችሁን ስትይዙ ለእንደዚ አይነቱ ድጋሚ ስራ ቀን ተዉለት።

ምን አይነት ፋይል ነው ማስረክበው? መብቱስ የማን ነው? በኤአይ የሰራሁትስ?

ዌቭ ፋይል፣ 48 ኪሎኸርዝ፣ 24 ቢት፣ በስቴም ተከፋፍሎ፣ ስትሪንግ ለብቻ፣ ብራስ ለብቻ፣ ኳየር ለብቻ፣ ከበሮ ለብቻ፣ ሲንት ለብቻ፣ ሁሉም ከአንድ ታይምኮድ (የፊልሙ የሰአት ቁጥር) ሚጀምር። ስቴሪዮ ይሁን 5.1 (ከዙሪያ ሚሰማ ድምጽ) አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከዛ ኪው ሺት አለ፣ እያንዳንዱ ሙዚቃ ርዝመቱ፣ ደራሲው፣ አሳታሚው ሚጻፍበት ዝርዝር፣ ፊልሙ ቴሌቪዥን ላይ ሲታይ ክፍያ ሚከፋፈለው በሱ ስለሆነ ራሳችሁ አንብባችሁ አረጋግጡት።

መብቱ ውሉ ላይ ባለው ነው ሚወሰነው። ብዙ ፕሮዲውሰሮች ሙዚቃውን ሙሉ በሙሉ መያዝ ይፈልጋሉ፣ ያም ሆኖ የደራሲነት ድርሻችሁን ማስቀረት ብዙ ጊዜ ይቻላል፣ ሳትፈርሙ በፊት ህግ ሚያውቅ ሰው ያንብበው። ክፍያው ጠቅላላ ከሆነ ማለትም የስቱዲዮውም የተጫዋቹም ወጪ ከናንተ ከሆነ ስንት ጊዜ እንደገና እንደምትሰሩ ቁጥሩ ውሉ ላይ ይጻፍ።

ኤአይን በተመለከተ፣ አሜሪካ ውስጥ ለምሳሌ የኮፒራይት ቢሮው ሰው ያልደረሰውን፣ ሙሉ በሙሉ በማሽን የወጣ ስራ አይመዘግብም፣ ስለዚ እንደዛ የተሰራ ዜማ ሌላ ሰው ቢወስድባችሁ መከራከሪያ ላይኖራችሁ ይችላል። ፕሮዲውሰሩም ሙዚቃው የራሳችሁ እንደሆነ በፊርማ እንድታረጋግጡ ይጠይቃል። ተጠቅማችሁ ከሆነ የትኛው ክፍል ላይ እንደሆነ ከመፈረማችሁ በፊት በጽሁፍ አሳውቁ።